የረገፈ ቅጠል በሣር ላይ፦ ይተው፣ ይድቀቅ፣ ይሰብሰብ ወይስ ይነፋ?

የብርዱ ወራት አልፎ ሣሩ ማቆጥቆጥ ሲገባው፣ ከአንድ ትልቅ የሜፕል ዛፍ ሥር ሳይነሣ የከረመውን ቅጠል በእጄ ገልጬ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የላይኛው ድርብ ደረቅ ነው፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ከእሱ በታች ያለው ግን እንደ ራሰ ካርቶን ተጣብቆ አንድ ንጣፍ ሆኗል። ጫፉን ይዤ ስስበው ክንድ የሚያህል ቁራጭ ሳይበጠስ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ሣር ገለባ መስሎ ገርጥቷል፤ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ከመሬቱ ጋር ተለጥፏል፤ በመካከሉም የሸረሪት ድር የሚመስል ነጭ የፈንገስ ክር ተዘርግቷል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ነፋስ ቅጠሉን በበተነበት ቦታ ግን ያው ሣር፣ በዚያው አፈር፣ በዚያው ዛፍ ሥር ለምለም ሆኖ ቆሟል።

ሁለቱን ቦታዎች የለያያቸው የቅጠሉ ውፍረትና እርጥበቱ ነው። ቅጠል ሣር ስለሚገድል አንድም ሳይቀር ይጠረግ የሚሉ አሉ። ቅጠል የተፈጥሮ ማዳበሪያ ስለሆነ አትንኩት የሚሉም አሉ። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ያዩት የቅጠል መጠን ግን ይለያያል። ስለዚህ መሣሪያ ከመምረጥዎ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ሣሩ ምን ያህል ተሸፍኗል? ቅጠሉ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ከየትኛው ዛፍ ነው የወደቀው?

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ለአብዛኛው ግቢ የሚበጀው ቅጠሉ ሳይወፍር በሣር ማጨጃ ማሽን አድቅቆ እዚያው መተው ነው። በእጅ መሰብሰብም ሆነ በማሽን መንፋት ቦታ አላቸው፤ ቦታቸው ግን ማድቀቅ የማይቻልበት ነው።

ቅጠሉ ሣሩን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ቀዝቃዛ አየር የሚስማማቸው የሣር ዓይነቶች፣ እንደ ኬንታኪ ብሉግራስ፣ ፌስኪዩና ራይግራስ ያሉት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ሥራ ላይ ናቸው። ከበጋው ሙቀት ይላቀቃሉ፣ ሥር ይሰዳሉ፣ ብርዱን የሚያልፉበትንና በኋላም የሚያቆጠቁጡበትን ስኳር ያጠራቅማሉ። ከዛፍ ሥር ላለ ሣር ደግሞ ይህ ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ የተለየ ነው፤ ወራቱን ሙሉ ጥላ የጣለበት ዛፍ ሲራቆት ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ይደርሰዋል። ያንን ብርሃን ቅጠሉ መሬት ላይ ወርዶ ከጋረደው ሣሩ ሁለት ጊዜ ከሰረ ማለት ነው። እንደ ቤርሙዳ ያሉ ሙቀት ወዳድ ሣሮች በብርድ ጊዜ ቡናማ ሆነው ስለሚተኙ የብርሃኑ ነገር ያን ያህል አያስቸኩላቸውም፤ እርጥብ ንጣፍ ግን ለእነሱም አይበጅም።

ሁለተኛው ጉዳት እርጥበት ነው። ወፍራም ቅጠል ውሃ ይይዛል፣ አየር ይከለክላል። ከበረዶ ሥር የሚያድጉ ሁለት የታወቁ የሣር በሽታዎች አሉ፤ አንደኛው ግራጫ፣ ሌላው ሮዝ መልክ ያለው ሻጋታ ነው። ሁለቱም ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ፣ በተሸፈነና በረጠበ ሣር ላይ ይስፋፋሉ። ሮዝ መልክ ያለው እንዲያውም በረዶ ባይኖርም አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ ይበቃዋል። በረዶው ሲቀልጥ በሣሩ ላይ ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት የገረጡ ጠባሳዎች የእነሱ ሥራ ናቸው። ከሽፋኑ ሥር መተላለፊያ እያበጁ ሣሩን ከሥሩ የሚግጡ አይጥ መሰል እንስሳትም መጠለያ ያገኛሉ።

ምን ያህል ቅጠል ነው ብዙ የሚባለው? ቀጥ ብለው ቆመው ወደ እግርዎ ይመልከቱ። ከሣሩ ገጽ የተሸፈነው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ከሆነ ምንም ማድረግ አያስፈልግም፤ ትሎችና ጥቃቅን ሕዋሳት ይጨርሱታል። ግማሽ ያህሉ ከተሸፈነ ማጨጃውን የሚያወጡበት ቀን ደርሷል። አረንጓዴ ነገር ጨርሶ ካልታየዎት ግን ዘግይተዋል፤ ከቻሉ በዚያው ሳምንት ይሥሩት። የዛፉን ዓይነት የምጠይቀውም ለዚህ ነው። የሜፕል ቅጠል ስፋትና ልስላሴ ስላለው ሲረጥብ ወዲያው ይነጠፋል። የኦክ ቅጠል ጠንካራና የተጠቀለለ ስለሆነ በመካከሉ አየር ያሳልፋል፣ ግን ሳይበሰብስ ረጅም ጊዜ ይቆያል። እንደ በርች ያሉ ትንንሽ ቅጠሎች በሣሩ መካከል ገብተው ስለሚጠፉ ብዙ አያስጨንቁም። ጊንኮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅጠሉን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ጥሎ ስለሚጨርስ ጠዋት ያልነበረ ወፍራም ንጣፍ ማታ ይጠብቅዎታል።

ማድቀቅ፦ የመጀመሪያ ምርጫዬ

ቅጠል ማድቀቅ ማለት በሣር ማጨጃ ላዩ ላይ ተመላልሶ ጣት ጥፍር የሚያህል ስብርባሪ ማድረግ ነው። ስብርባሪው በሣሩ ዘለላዎች መካከል ይወርዳል፣ ብርሃን አይከለክልም፣ ከአፈሩ ጋር ስለሚገናኝ ይበሰብሳል። ጆንያ መሙላት፣ መሸከም፣ ማጓጓዝ የሚባል ነገር የለም። ለምን ከሁሉም አስቀድሜ እንደመረጥኩት ግን ሌላ ምክንያት አለ፤ ዛፉ ከአፈሩ የወሰደውን ለአፈሩ ይመልሳል። ዛፍ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት ብዙውን ናይትሮጅን ወደ ግንዱ መልሶ ይሰበስባል፤ በሚወድቀው ቅጠል ውስጥ የሚቀረው በብዛት ካርቦንና እንደ ካልሲየም ያሉ ማዕድናት ናቸው። ካርቦኑ ለአፈር ሕዋሳት ምግብ ሆኖ ቀስ በቀስ አፈሩን ያላላል፣ ውሃ የመያዝ አቅሙን ያሻሽላል።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሣር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የደቀቀ ቅጠል በሣር ላይ እየተዉ ለዓመታት ተከታትለዋል። ሣሩ አልተጎዳም፤ ቢጫ አበባ ያለው ዳንደላየን የሚባለው አረምም ቀንሶ ተገኝቷል። ስብርባሪው በሣሩ መካከል ያለውን ባዶ መሬት ስለሚሸፍን የአረሙ ዘር ለመብቀል ብርሃን ያጣል። በአንድ ጊዜ እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ቅጠል፣ ማሽኑ ከቻለ፣ ሊደቅቅ እንደሚችልም ይመክራሉ። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ የብዙ ዓመት ሙከራ ተደርጎ ቅጠሉ የአፈሩን አሲድነት እንዳልለወጠ ታይቷል። የኦክ ቅጠል አፈር ያኮመጥጣል የሚለው ስጋት ብዙ ሰው ዘንድ ስላለ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ትኩስ የኦክ ቅጠል በእርግጥ አሲድነት አለው፤ እየበሰበሰ ሲሄድ ግን ወደ ገለልተኛነት ይጠጋል።

አሠራሩ ላይ ጥቂት ልዘግይ፤ አብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ ሞክሮ የሚተወው አሠራሩን ስለሚስት ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ደረቅ ይሁን። ጤዛው ተንኖ ቅጠሉ ሲረገጥ ድምፅ የሚያሰማበትን ሰዓት ይጠብቁ። እርጥብ ቅጠል በማጨጃው ሆድ ውስጥ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ምላጩን ያፍነዋል፤ የሚወጣውም ጓል ጓል ሆኖ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ምላጩን ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ያድርጉት። ዝቅ ካደረጉት ሣሩን ይልጩታል፤ ሣር ደግሞ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶው በላይ መቆረጥ የለበትም። ማሽኑ ስብርባሪውን ወደ ጎን የሚተፋበት ቀዳዳ ካለው በመክደኛው ይዝጉት፤ ቅጠሉ ውስጥ እየዞረ ደጋግሞ ይቆረጣል። ለማድቀቅ ተብሎ የተሠራ ጠመዝማዛ ምላጭ ቢገጠምለት የተሻለ ነው፤ ባይኖርም የተሳለ ተራ ምላጭ ይሠራል። ዶልዱም ከሆነ ግን ቅጠሉን ይገፋዋል፣ የሣሩንም ጫፍ ይተለትለዋል።

ከዚያ ቀስ ብለው ይሂዱ። በተለመደው የማጨጃ እርምጃ ከተሄደ ቅጠሉ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ ተቆርጦ ይወጣል። ግቢውን በርዝመቱ ከጨረሱ በኋላ በስፋቱ አቋርጠው ይድገሙት። በሁለተኛው ዙር ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ቀይና ቢጫው ንጣፍ ይጠፋና ሣሩ ከቡናማ ዱቄት በላይ ብቅ ይላል። ጎንበስ ብለው ሣሩን በመዳፍዎ ቢያብሱት ስብርባሪው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ እጅዎ ላይ አይጠራቀምም። መዳፍዎ ቅጠል ሰብስቦ ከተነሣ ሦስተኛ ዙር ያስፈልጋል፣ ወይም ከፊሉን ማንሣት ይኖርብዎታል። የሣሩ ጫፍ በግልጽ መታየት አለበት፤ እኔ የምመራበት መለኪያ ይህ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። በሳምንት አንዴ የሚደቅቅ ስስ ሽፋን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ዛፉ ጨርሶ እስኪራቆት ተጠብቆ፣ ዝናብም መትቶት የሚደቅቅ ቅጠል ግን ማሽኑንም ሰውንም ያደክማል።

ማድቀቅ የማይሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ። በቅርቡ ዘር የተዘራበት ሣር ገና ሥሩ ስላልያዘ የማሽኑን ክብደትና ጎማ አይችልም። አቅሙ ትንሽ የሆነ የኤሌክትሪክ ማጨጃ ወፍራም ቅጠል ውስጥ ይቆማል። ቁልቁለት የበዛበት ግቢ ለሚገፋው ሰው አደጋ አለው። በተጨማሪም ከቅጠሉ ሥር የተደበቀ ድንጋይና የተሰበረ ቅርንጫፍ ስላለ፣ አስቀድመው ግቢውን በእግር ዞረው ይመልከቱ፣ የዓይን መከላከያ ያድርጉ፣ ልጆችን ያርቁ። ናይትሮጅንም ይታሰብበት፤ ቅጠሉን የሚያበሰብሱት ሕዋሳት ለሥራቸው ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ። ለሣርዎ በዚህ ወቅት ማዳበሪያ የመጨመር ልማድ ካለዎት ቅጠል በሚያደቁበት ዓመት አይተዉት።

በእጅ መሰብሰብ

እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ጥርስ ያለው የቅጠል መሰብሰቢያ፣ ብዙዎች ሬክ የሚሉት፣ ከመሣሪያዎች ሁሉ ርካሽና ጸጥተኛው ነው። እርጥብ ቅጠል ላይ ደግሞ እሱን የሚያህል የለም። ማጨጃው የሚታነቅበትን፣ መንፊያው የሚያልፈውን ንጣፍ እሱ ጫፉን ይዞ ይገለብጠዋል።

ስትገዙ ጥርሱን እዩ እላለሁ ለሚጠይቁኝ ሁሉ። የፕላስቲክ ጥርስ ሰፋ ያለና ቀላል ስለሆነ ለብዙ ደረቅ ቅጠል ይመቻል፤ በብርድ ግን ይሰበራል። የቀጭን ብረት ጥርስ በሣሩ መካከል የገባውንና የረጠበውን ያወጣል። የቀርከሃው ለሣሩ ለስላሳ ነው፣ ዕድሜው አጭር ነው። አፈር ለማስተካከል የተሠራውን አጭርና ደንዳና የብረት ጥርስ ያለውን ግን ለሣር አይጠቀሙበት፤ የሣሩን እምብርት፣ ማለትም ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን ክፍል፣ ይነቅላል።

አሠራሩ ጉልበት አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥርሱ መሬት ቧጦ እንዲሄድ አይጫኑት፤ የሣሩን ላይ እየዳሰሰ ይሂድ። ወገብ አጉብጦና ጠምዝዞ ከመሳብ ይልቅ አንድ እግር አስቀድሞ መቆምና እጅ መለዋወጥ ጀርባን ያተርፋል። ክምሩን በትልቅ ሸራ ላይ ሰብስቦ መጎተት ደግሞ በጆንያ ከመሙላት እጅግ ይቀላል። ሸራውን ክምሩ ሊሠራ በታሰበበት ቦታ አስቀድመው ካነጠፉት ቅጠሉን ሁለተኛ ጊዜ ማንሣት አያስፈልግዎትም። ነፋስ ካለ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሰብስቡ።

ጉድለቱ ጊዜ ነው። ትልልቅ ዛፎች ባሉበት ሰፊ ግቢ በእጅ ብቻ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ቅዳሜና እሑዱን ይሰጣል፣ ዛፉም በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይጥልበታል። ትንሽ ግቢ፣ አዲስ ሣር ወይም እርጥብ ቅጠል ካለዎት ግን ከዚህ የተሻለ አልመክርዎትም።

ቅጠል የሚነፋ ማሽን

ብሎወር የሚባለው ይህ ማሽን ፈጣን ነው። ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ፣ የድንጋይ ንጣፍ፣ የአጥር ሥር፣ በቁጥቋጦዎች መካከል ያለ ጠባብ ቦታ ለሌላ መሣሪያ ሁሉ አስቸጋሪ ነው፤ ለእሱ ግን ዕዳው ገብስ ነው። በዝቅተኛ ኃይል ከተያዘ አዲስ የበቀለ ሣር ላይ የወደቀውን ቅጠል ሣሩን ሳይጎዳ ያነሣል። እነዚህን ጥቅሞቹን አልክድም።

የምቃወመው እንደ መጀመሪያ ምርጫ ሲወሰድ ነው። አንደኛ፣ ቅጠሉን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል እንጂ አያስወግደውም፤ ከነፉት በኋላ አሁንም መሰብሰብ ወይም ማድቀቅ አለ። ሁለተኛ፣ እርጥብ ቅጠል አይታዘዘውም። ሦስተኛ፣ ድምፁ። ብዙዎቹ የቤንዚን መንፊያዎች በያዣቸው ሰው ጆሮ ላይ ከ90 ዴሲቤል በላይ ያሰማሉ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ጣሪያ ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚቆይ ሰው ያለው ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጆሮ መከላከያ የሌለው ሰው ይህን ማሽን ሊያስነሣ አይገባም።

በቤንዚን የሚሠሩት አብዛኞቹ ዘይትና ቤንዚን ቀላቅለው የሚያቃጥሉ ባለሁለት ምት ሞተሮች ስለሆኑ ከፊሉ ነዳጅ ሳይቃጠል በጭስ መውጫው ይወጣል። ዋሽንግተን ዲሲ በቤንዚን የሚሠራውን የቅጠል መንፊያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ አግዳለች። ጀርመን ውስጥ ደግሞ በመኖሪያ ሰፈር የሚነፋባቸው ሰዓቶች በሕግ የተገደቡ ናቸው። መንፊያ መግዛት የግድ ከሆነብዎት በባትሪ የሚሠራውን ይምረጡ፤ ለአንድ ግቢ አቅሙ ይበቃል፣ ጭስ የለውም፣ ድምፁም ይቀላል። ጎረቤት ከመነሣቱ በፊትና ከተኛ በኋላ ያለውን ሰዓት ማክበር ግን በባትሪ ለሚሠራውም ይመለከተዋል።

ከረጢት ያለው ማጨጃና ተንከባላይ መጥረጊያ

ማጨጃው ከኋላው ከረጢት ከተገጠመለት እያደቀቀ ይሰበስባል። ቅጠሉ ለማድቀቅ በዝቶ ሣሩን ሊያፍን ሲል ይህ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው፤ አንዱን ዙር አድቅቀው ይተዉ፣ ቀጣዩን በከረጢት ይሰብስቡ። የተሰበሰበው ተፈጭቶ ስለሚገኝ በኋላ ቶሎ ይበሰብሳል። በእጅ እየተገፋ በሚሽከረከር ብሩሽ ቅጠል የሚያነሣው መጥረጊያ ደግሞ ሰፊና ሜዳ የሆነ፣ ደረቅ ቅጠል ያለበት ግቢ ላይ ደህና ነው። ወጣ ገባ መሬት ላይ አልመክረውም።

ከተሰበሰበ በኋላ ወዴት?

ብዙ መመሪያዎች መሣሪያውን አወዳድረው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ለእኔ ግን ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ቅጠሉ ከሣሩ ላይ ከተነሣ በኋላ በሚደርስበት ቦታ ነው።

ከዛፎች ሥርና ከአበባ መደብ ላይ ሳይደቅቅ እንዳለ ማልበስ ቀዳሚው ነው። እዚያ ብርሃን የሚፈልግ ሣር የለም። ሽፋኑ እርጥበት ይጠብቃል፣ አረም ያፍናል፣ የዛፉን ሥር ከውርጭ ይከልላል። ብዙ የእሳት እራትና የቢራቢሮ ዝርያዎች፣ የንብ ዘር የሆኑት የባምብል ንግሥቶችም፣ ብርዱን የሚያልፉት በወደቀ ቅጠል ውስጥና ከሥሩ ነው። ሉና የምትባለው አረንጓዴ የእሳት እራት ብርዱን የምታልፍበትን የሐር ሽፋን የምትጠቀልለው በቅጠል ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት ከሌላው ቅጠል አይለይም። ማጨጃ ይህን ሁሉ ይፈጫል፤ ማድቀቅን ከሁሉ አስቀድሜ ስመክር ይህን ዋጋ ሳላስተውል አይደለም። ስለዚህ የማደቅቀው ሣሩ ላይ ያለውን ብቻ ነው፣ ያውም በወደቀ በሳምንቱ። ከዛፉ ሥር ያለውን ክብ አልነካም። በግንዱ ዙሪያ ግን መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ይተዉ፤ እርጥብ ቅጠል ቅርፊቱ ላይ ከተደገፈ ቅርፊቱ ይበሰብሳል።

የቅጠል ብስባሽ ሁለተኛው ነው። በሽቦ የታጠረ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ በቅጠል ሞልቶ፣ አርሶ፣ መተው በቂ ነው። ያልደቀቀ ቅጠል ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ የደቀቀው ከዓመት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ የሚያገኙት ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የጫካ ሽታ ያለው ነገር ነው። ማዳበሪያነቱ ትንሽ ነው፤ አፈር ላይ ሲጨመር ግን ውሃ አያያዙን በጣም ያሻሽለዋል።

ቶሎ እንዲደርስ ከፈለጉ ከታጨደ ሣር ጋር ቀላቅለው ኮምፖስት ያድርጉት። የደረቀ ቅጠል ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ40 እስከ 80 እጅ ካርቦን ይይዛል፤ ትኩስ ሣር ደግሞ ወደ 20 ይጠጋል። ክምሩ በደንብ የሚሞቀው 30 አካባቢ ሲሆን ስለሆነ ሁለቱ ይሞላላሉ።

ወደ መንገድ ዳር መግፋት ከሁሉ የከፋው ነው ብዬ አምናለሁ። ቅጠሉ የጎርፍ መውረጃውን ይደፍናል፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ እንደ ሻይ ቅጠል ፎስፈረሱን ለውሃው ይለቃል፣ ያም ወደ ወንዝና ሐይቅ ገብቶ አልጌ ያበዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም በማዲሰን ከተማ ያደረገው ጥናት፣ ቅጠል በወቅቱ ከመንገድ ሲነሣ በዚያ ወቅት ከጎዳናው የሚታጠበው ፎስፈረስ በ84 በመቶ፣ ናይትሮጅን ደግሞ በ74 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የሚሰበስብ አካል ካለ በከረጢት አድርገው በተባለው ቀን ያውጡት። ማቃጠልማ አይታሰብ፤ ጭሱ ለሳንባ ጎጂ ነው፣ በብዙ ቦታም በሕግ የተከለከለ ነው።

ተለይተው የሚታዩ ቅጠሎች

የታመመ ዛፍ ቅጠል ከዚህ ሁሉ ይለያል። የፖም ቅጠልን በጥቁር ነቁጥ የሚያቆሽሸው፣ ስካብ የሚባለው በሽታ ፈንገሱ ብርዱን የሚያልፈው በወደቀው ቅጠል ውስጥ ሲሆን፣ ሙቀት ሲመለስ ዘሩን ከዚያው ወደ አዲሱ ቅጠል ይረጫል። ከእንደዚህ ዓይነት ዛፍ ሥር ያለውን ቅጠል ጠርጎ ማስወገድ የሚቀጥለውን ዓመት በሽታ ይቀንሳል። በሚገባ በሚሞቅ፣ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ለቀናት በሚቆይ ኮምፖስት ውስጥ መጨመር ይቻላል፤ ክምርዎ እንደሚሞቅ እርግጠኛ ካልሆኑ ግን ከግቢ ይውጣ።

ጥቁር ዋልነት የሚባለው ዛፍ ጁግሎን የተባለ፣ ቲማቲምን የመሳሰሉ ተክሎችን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው። ሣር አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል፤ ቅጠሉን ግን በአትክልት መደብ ላይ ከማልበስ በፊት ማብላላት ያስፈልጋል። አየርና ውሃ ካገኘ ንጥረ ነገሩ በሳምንታት ውስጥ ይፈርሳል።

ታዲያ የትኛውን ይምረጡ?

መካከለኛ ግቢ፣ ጥቂት ዛፎች፣ የሚሠራ ማጨጃ ካለዎት በየሳምንቱ ያድቁ፤ ትርፉን ከዛፍ ሥር ያልብሱ። ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግዎትም። ግቢው ትንሽ ከሆነ ሬክና ሸራ ይበቃሉ። ትልልቅ ዛፎች የከበቡት ሰፊ ግቢ ውስጥ ማድቀቅ ብቻውን አይበቃም፤ መጀመሪያ ከፊሉን በከረጢት ወይም በሸራ አንሥተው ቀሪውን ያድቁ። ሣሩ አዲስ ከሆነ ዝቅተኛ ኃይል ላይ የተደረገ የባትሪ መንፊያ ወይም እጅግ የቀለለ የፕላስቲክ ሬክ ይጠቀሙ፤ አዲስ ሣር ላይ አንድም ቅጠል ለሳምንት እንዲተኛ አይፍቀዱ፤ ቡቃያ ጥላ አይችልም። ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ ከሆነ ደረቅ ቀን በተገኘበት ሁሉ ማጨጃውን ያውጡ፣ ቀን እየመረጡ አይቆዩ። ጀርባዎ ወይም ልብዎ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ደግሞ ሥራውን በሁለት በሦስት ቀን ከፍለው፣ ለመጎተት ቀላል የሆነ ትንሽ ሸራ ይዘው ይሥሩ።

የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው በረዶ በፊት መሆን አለበት። አንዳንድ ኦክና ቢች የደረቀ ቅጠላቸውን ይዘው ይከርሙና እስከ ብርዱ ማብቂያ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ይጥላሉ፤ ያ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ይቆይ። ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ በሆነበት ጠዋት ግን አይርገጡት፤ የቀዘቀዘው ዘለላ ከእግር ሥር ይሰበርና ዱካዎ ቡናማ ሆኖ ይቀራል።

ቀድሞ ሳይነሣ ለከረመ፣ መጀመሪያ እንደገለጽኩት ዓይነት ንጣፍ ለገጠመው ሰው፦ በረዶው ቀልጦ መሬቱ ጭቃነቱን እስኪለቅ ይጠብቁ። ከዚያ ንጣፉን በእጅዎ ወይም በለስላሳ ሬክ ገልብጠው ያንሡ፣ የተኛውን ሣር በጣትዎ አበጥረው ያቁሙት፣ አየርና ፀሐይ ይግባው። ነጩ የፈንገስ ክር ሲደርቅ ራሱ ይጠፋል። ሁለት ሳምንት ያህል ይታገሡና የሣሩን እምብርት ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው፣ ያቆጠቁጣል። ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ ያንን ቦታ ብቻ ጫር ጫር አድርገው ዘር ይዝሩበት።